ሲጋራንና ሐሺሽን ስለ መተው

ሲጋራን ለመተው የቈረጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ኒኮቲን የተባለው የትንባሆ ንጥረ ነገር ከሰውነት ሲጎድል ቍጣ፥ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ፤ እነዚህም በ2ኛውና በ3ኛው ቀን በርትተው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እየቀለሉ ይሄዳሉ። አምሮቱ ግን በመጣ ቍጥር የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተነሥቶ እስከ ደጅ ደርሶ የተመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ያሳልፈዋል።

ሐሺሽን ከትንባሆ ቀላቅሎ የሚያጨስ ሁለቱን በአንድ ቀን ይተው። አንዱን ለይቶ ያስቀረ እንደሆነ ጢሱ ራሱ ሌላውን ይጠራበታል። ጫትም እንዲሁ ነው፤ በምርቃና ላይ ሆኖ ሲጋራን እንቢ የሚል ሰው እምብዛም አይገኝም።

በሆሳዕናና በዱራሜ የሚኖሩ መምህራን ቀኑን ሲወስኑ ከያሆዴና ከመሳላ በዓል አንድ ወር ያስቀድሙ። ይኸውም ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ቍጣ በተማሪ ላይ አያርፍም። ለበዓል ከሩቅ የመጣ ዘመድ ፓኮውን ሲዘረጋ ግን የ3 ቀን ጀማሪ እጁን ለመሰብሰብ ይቸገራል። በቡና ቤት ለሚጋብዝ ወዳጅ መልስ አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ሰበብ ቢሆንም ጥሩ ሰበብ ነው።

ተሸንፎ አንዲት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ድካሜ ሁሉ ጠፋ አይበል፤ የቀረውን ፓኮ በዚያው ሰዓት ጥሎ ይቀጥል።