የስልክ ላይ ቼዝና የሶላት ሰዓት



ቅዳሜ በዲመካ የገበያ ቀን ነው። ሐመሮች ከየመንደራቸው ሲወርዱ ነጋዴው ፋታ የለውም። በአንድ ሱቅ ውስጥ ግን የባለሱቁ ልጅ ዐይኑን ከስልኩ አልነቀለም፤ በኢንተርኔት ከማያውቀው ሰው ጋር ቼዝ ገጥሟል። የዙህር ሰዓት ደርሶ አባቱ ቢጠራው «ትንሽ ቆይ አባ፣ አሁን ከተነሣሁ እሸነፋለሁ» አለ። አባት ወደኔ ዞረው «ይህ ነገር ቁማር አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጨዋታው ለኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉታል፤ ስሙ ከዐረብኛው «ሸጠረንጅ» ጋር አንድ ነው። በአገራችን ደንብ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባላል። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። በዐባሲዮች ዘመንም አስ-ሱሊ የተባለው ሊቅ በኸሊፋው በአል-ሙክተፊ ፊት ይጫወት ነበር።

ዑለማእ ግን በፍርዱ ተለያይተዋል። አብዛኞቹ የሐነፊይ፣ የማሊኪይና የሐንበሊይ ዑለማእ ከልክለዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የታወቀው ቃል መክሩህ ነው የሚል ሲሆን፣ ቁማር ከገባበት ወይም ሶላት ካሳለፈ ሐራም ይሆናል። ዶክተር ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ በሦስት ሸርጥ ፈቅደዋል፤ ሶላት እንዳያዘገይ፣ ቁማር እንዳይኖርበት፣ ምላስም ከስድብ እንዲጠበቅ። በአንጻሩ የሳዑዲ ዐረቢያ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ዐብዱልዐዚዝ ኣሉ-ሸይኽ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተሰራጨ ንግግራቸው ጊዜና ገንዘብ ያባክናል፣ ጠላትነትንም ያመጣል በማለት ሐራም ነው ብለዋል።

ወደ ልጁ እንመለስ። ድሮ በአንድ ሰሌዳ ዙሪያ የተቀመጡ ሁለት ሙስሊሞች አንድ አዛን ሰምተው አብረው ይነሡ ነበር። የዚህ ልጅ ባላጋራ ግን በየትኛው አገር እንዳለ አይታወቅም፤ እሱ ዘንድ ዙህር አልገባ ይሆናል፣ ሙስሊምም ላይሆን ይችላል። ሰዓቱ ደግሞ ይቆጥራል፤ ከሰሌዳው የተነሣ ይሸነፋል፣ ነጥቡም ይወርዳል። ነገሩ የከበደው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሰዓት ካልተሞላበት ሰግደህ እስክትመለስ ይጠብቃል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ካስፓሮቭን ኮምፒዩተር አሸንፎታል፤ ዛሬ በነፃ የሚገኘው ስቶክፊሽ በተራ ስልክ ላይ ሆኖ ከማንኛውም ሻምፒዮን ይበልጣል። ስለዚህ በሱ መሸነፍ አያሳፍርም። ነገር ግን አይደክመውም፣ «ይብቃን፣ መሸ» አይልህም። ሱብሒ ያመለጠው ብዙ ሰው አለ።

ሌላም አለ። ከሰው ጋር እየተጫወተ ጠጠሩን በስውር ለኮምፒዩተር የሚያስመርጥ ሞልቷል። ይህ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው የከለከሉት ማታለል ነው፤ ሽልማት ካለበትማ የሰው ሐቅ መብላት ነው። ተጫዋቾች ገንዘብ አዋጥተው አሸናፊው የሚወስደው ከሆነም ያለጥርጥር ቁማር ነው።

ለአባትየው የመለስኩት ይህንኑ ነበር፦ ነጥብ ብቻ ከሆነ ቁማር አይባልም፤ የከለከሉትን ዑለማእ የሚከተል ግን ይተወው፤ ሶላት የሚያሳልፍ ከሆነማ በማንም ዘንድ አይፈቀድም። ወላሁ አዕለም። ለልጁ ደግሞ ለአንድ እንቅስቃሴ ቀናት የሚሰጠውን የጨዋታ ዓይነት እንዲመርጥ ነገርኩት። ያንን ጨዋታ ትቶ ተነሣ፣ ተሸነፈም። ማታ በአዲሱ ዓይነት ጀመረ፤ ከዲመካ ስወጣ ባላጋራው ገና አልመለሰለትም ነበር።