የማህፀን ፈሳሽ፦ መቼ ጤናማ ነው? መቼስ ወደ ሐኪም እንሂድ?



ዛሬ ብዙ እህቶች ለእናታቸው እንኳ ለመናገር የሚያፍሩበትን ጉዳይ እናነሳለን። በፎገራ ሜዳ ክረምቱን ውሃ በተኛበት ማሳ ሩዝ ስታርም የምትውል እናት ማሳከኩን «ከውሃው ነው» ብላ ትተወው ይሆናል። በወረታ ከተማ ያለች ወጣትም ከጓደኛዋ የተረፈ ክኒን ትውጥ ይሆናል። ሁለቱም ሕመሙን ያቆዩታል እንጂ አያድኑትም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመጠየቅ ስላላገዳቸው ነበር። ስለ ጤናም መጠየቅ ነውር የለውም።

ጤናማው ፈሳሽ

ፈሳሽ መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ብልት ራሱን የሚያጸዳው በዚህ ነው። ጤናማ ፈሳሽ ውሃ መሳይ ወይም ነጣ ያለ፣ መጥፎ ሽታ የሌለው፣ የማያሳክክና የማያቃጥል ነው። በሁለት የወር አበባ መካከል እንደ እንቁላል ነጭ ይለጠጣል። በእርግዝና ይበዛል፤ ጡት በማጥባት ወቅትና የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዷ እህት የራሷን ልማድ ትወቅ።

የለውጥ ምልክቶች

1. እንደ አይብ የረጋ ነጭ ፈሳሽ ከብርቱ ማሳከክ ጋር፦ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። በነፍሰ ጡሮች፣ ስኳር ሕመም ባለባቸውና አንቲባዮቲክ በወሰዱ ሴቶች ላይ ይበዛል።
2. ቀጭን፣ ግራጫማ፣ የዓሣ ሽታ ያለው፦ በብልት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሚዛን ሲዛባ ይመጣል።
3. ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ አንዳንዴም አረፋማ፦ በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ባልም አብሮ ካልታከመ በሽታው ይመለሳል።
4. ደም የቀላቀለ፦ በተለይ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ከታየ፣ የማህፀን በር ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል።

ከፈሳሹ ጋር ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑና ደም ወይም እንደ ውሃ የሚፈስ ነገር ካዩም እንዲሁ። ችላ የተባለ ኢንፌክሽን ወደ ማህፀን ወጥቶ መካንነትን ሊያስከትል ይችላል።

በቤት ውስጥ ጥንቃቄ

ለኢስቲንጃእ የውጩን ክፍል በንጹህ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ መታጠብ ይበቃል። ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጨው ወይም ቅጠል ወደ ውስጥ ማስገባት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ሕመምንም ይጋብዛል። ከእርሻ ሲመለሱ እርጥብ ልብስዎን ይቀይሩ፤ የውስጥ ልብስዎን ፀሐይ ላይ ያድርቁ።

የት እንሂድ?

በአቅራቢያዎ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያማክሩ፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከፍ ያለ ምርመራ ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ይላካሉ። ሴት ሐኪም ወይም ነርስ እንድትመረምርዎ መጠየቅ ይችላሉ። ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ሕመም ባይኖርም የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ያድርጉ። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረውን የመከላከያ ክትባትም ለልጆችዎ ይጠይቁ።

ወንድሞች ሆይ! ሚስትዎ «አሞኛል» ስትል አይቆጡ፤ አብረዋት ይሂዱ። የውዱእና የሶላት ጥያቄ ሲኖር ዑለማን፣ የጤና ጥያቄ ሲኖር ደግሞ ሐኪምን እንጠይቅ።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን!