ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ባዘቶ፥ በተለይም በፋብሪካ ስለሚሠራው፥ አመራረጥ

ትራውት የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛ፥ ንጹሕና ፈጥኖ የሚወርድ የደጋ ውሃ የሚሻ ፍጥረት ነው። ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ ነው፤ ወደ ኬንያ ዕንቁላሉ በ1905 ከስኮትላንድ በመርከብ መጣ (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከኬንያም በ20ኛው ምዕት ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ ተወስዶ በባሌ ደጋ ጅረቶች ተለቀቀ። ዛሬ በዲንሾ አጠገብ በወይብና በዳንካ ወንዞች ይገኛል፤ ይህንኑ ዓሣ ለማጥመድ በትር ይዞ ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳም አለ። እንግዳው የሚያጠምደው በትል ወይም በሥጋ ሳይሆን በሰው እጅ በተሠራ ዝንብ ነው። ዝንቡ በቁጥቋጦ ይያዛል፥ በድንጋይ ይቆረጣል፥ በዓሣ አፍ ይቀራል፤ ስለዚህ አጥማጅ ሁልጊዜ ዝንብ ገዢ ነው። በኬንያ ይህን አስተውለው ዝንብ ማሰርን የእጅ ሥራ አድርገውታል፤ በዚያ የታሰረው ዝንብ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተልኮ ይሸጣል። በደጋው ወረዳ ያሉ ወጣቶች ይህን ሥራ ለመጀመር ድጋፍ ሲለምኑ ሹሙ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ስለ መንጠቆው ዋጋ አይደለም፤ መንጠቆ በቁጥር ይገዛል፥ ልዩነቱም በዓይን ይታያል። ገንዘብ የሚጠፋውና ሥራ የሚበላሸው በባዘቶው ነው።

ባዘቶ በጥጥ ፈታዮች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በዝንብ አሳሪዎች ዘንድም ሥራው ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ እንግሊዞች ዳቢንግ ይሉታል። አሳሪው ቀጭኑን ክር በሰም ያሻል፤ ሰሙም ንጹሕ የንብ ሰም ቢሆን ይበቃል፥ ይህንም ከውጭ አገር ማስመጣት ለኢትዮጵያ ነውር ነው። ከዚያ በኋላ ከባዘቶው ጥቂት ቆንጥሮ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፥ ወደ አንድ ወገን ብቻ እያሸ፥ በክሩ ላይ ይጠቀልለዋል። ጠጉር የለበሰውን ክር በመንጠቆው ዘንግ ላይ ሲያዞረው የነፍሳቱ ገላ ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ብዙ በመቆንጠር ነው፤ የሚበቃው ክሩን ጥላ እስኪመስል ድረስ የሚሸፍነው ያህል ነው።

በጥንት ጊዜ ባዘቶው ሁሉ ከእንስሳ ይገኝ ነበር። የጥንቸል ጆሮ፥ የፍልፈል ቆዳ፥ የበግ ጠጉር ተፈልጓል፤ በ1900 ገደማ በእንግሊዝ አገር በቲቨርተን ይኖር የነበረው ኦስቲን ስሙ የታወቀውን ዝንቡን ከአውራ በግ ብሽሽት በተሸለተ ወዛም ጠጉር ሠርቶታል። ለሐይቅ ዝንብ ግን ከሁሉ ይበልጥ የተመሰገነው የባሕር ውሻ የሚባለው፥ በእንግሊዝኛ ሲል የሚሉት እንስሳ ጠጉር ነበር። ወፍራም፥ ጠንካራና ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ በውሃ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ያበራል። በ1972 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የባሕር አጥቢ እንስሳትን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ፤ በ1983 የአውሮፓ ማኅበር የሁለት ዓይነት የባሕር ውሻ ግልገሎች ቆዳ እንዳይገባ ከለከለ፤ በ2009 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ለጥቂቶች፥ በተለይም ለኢኑዊት ሕዝብ አደን፥ ካልሆነ በቀር ንግዱን በጠቅላላው ዘጋ። ስለዚህ የባሕር ውሻ ጠጉር ያለበት ዝንብ ወደ እነዚህ አገሮች ቢላክ በጉምሩክ ሊወረስ ይችላል። ፋብሪካዎች ምትኩን ማምረታቸው ትርፍ ብቻ ፈልገው ሳይሆን ሕጉ በሩን ስለዘጋ ነው።

ይህ ነገር ለደጋው ሹም ሌላ ትርጉም አለው። የባሌ ተራራ የቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን መኖሪያ ነው፤ ሁለቱም በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ቀይ ጠጉር የሚፈልግ አሳሪ በሩቅ ገበያ ያለውን ቀይ ባዘቶ መግዛት ካልቻለ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል መገመት አያዳግትም። በጥቂት ብር የሚገዛ የፋብሪካ ባዘቶ ቀድሞ በእጁ ቢገባ ለአውሬው ከብዙ ዘበኛ ይሻለዋል።

በፋብሪካ ከሚሠሩት ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚውሉት በዋናው አራት ናቸው፤ ናይሎን፥ ፖሊስተር፥ አክሪሊክና ፖሊፕሮፒሊን። ናይሎን በአሜሪካ በዱፖን ፋብሪካ በ1935 በካሮዘርስ እጅ ተገኘ፤ ፖሊስተርን ዊንፊልድና ዲክሰን በእንግሊዝ በ1941 አወጡት፤ ፖሊፕሮፒሊንን በጠንካራ ዓይነቱ ናታ በኢጣሊያ በ1954 ሠራው፥ ለዚህም ለመሰለው ሥራው በ1963 ከጀርመናዊው ከሲግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሳሪው ከታሪካቸው ይልቅ ሊያውቀው የሚገባው ክብደታቸውን ነው። ውሃ በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 1 ግራም ሲመዝን ፖሊፕሮፒሊን 0.91 ያህል፥ ናይሎን 1.14፥ አክሪሊክ 1.17፥ ሱፍ 1.31፥ ፖሊስተር 1.38 ይመዝናል። እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ ከውሃ የሚቀለው ፖሊፕሮፒሊን ብቻ ነው። ለዚህ ምስክር በየገበሬው ቤት አለ፤ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ነው፥ ቁራጩም በውሃ ላይ ይቀራል።

ነጋዴዎች ከዚህ ተነሥተው የፖሊፕሮፒሊን ባዘቶ ዝንቡን ተሸክሞ ያንሳፍፋል እያሉ ይሸጣሉ። ይህ ነገር በሒሳብ ሲመረመር አይቆምም። መንጠቆው ብረት ነው፤ ብረት ከውሃ ወደ ስምንት እጥፍ ያህል ይከብዳል። አንድ ግራም ፖሊፕሮፒሊን በውሃ ውስጥ ሊሸከም የሚችለው የግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ አንዱን ግራም ብረት ለማንሳፈፍ ከ8 ግራም የማያንስ ባዘቶ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ዝንብ ዝንብ መሆኑ ቀርቶ ጥጥ ያለበሱት እንዝርት ይሆናል። ዝንብን በውሃ ላይ የሚያቆመው የባዘቶው ቅለት ሳይሆን የውሃው ገጽ ውጥረት፥ በአንገቱ ላይ የሚታሰረው የዶሮ ላባ፥ በጠጉሩም መካከል የታመቀው አየር ነው። ባዘቶው የሚረዳው ውሃ ባለመጠጣቱ ነው። ሱፍ በመጠነኛ እርጥበት ባለ አየር ውስጥ ብቻ ቢቀመጥ ከክብደቱ ከመቶ 16 ያህል ውሃ ይስባል፤ ናይሎን ከመቶ 4፥ አክሪሊክ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል፥ ፖሊስተር ከመቶ ግማሽ የማይሞላ፥ ፖሊፕሮፒሊን ግን ምንም ያህል አይስብም። ስለዚህ በፖሊፕሮፒሊን የታሰረ ዝንብ ሁለት ሦስት ጊዜ በአየር ላይ ሲወናጨፍ ውሃውን አራግፎ ይደርቃል፤ የሱፉ ግን እንደ ረጠበ ጋቢ ይከብዳል።

በዚያው ምክንያት ለሚሰጥመው ዝንብ ምርጫው ይገለበጣል። ከውሃ በታች ለሚሄደው፥ ገና ክንፍ ያላወጣውን ነፍሳት ለሚመስለው ዝንብ ውሃ የሚጠጣ ሱፍ ወይም የጥንቸል ጠጉር፥ ወይም የሚከብደው ፖሊስተር ይሻላል። ለሚሰጥም ዝንብ ፖሊፕሮፒሊን መግዛት ገንዘብን ወደ ወንዝ መጣል ነው፤ እንዲሁ የሚያደርጉ ግን ብዙ ናቸው፥ ምክንያቱም በሱቅ ውስጥ ሁሉም በትንንሽ ከረጢት ተሞልቶ፥ በቀለሙ ብቻ ተለይቶ ይሰቀላልና።

ቀለሙም ራሱ ያታልላል። የእንስሳ ጠጉር ሲረጥብ ይጠቁራል፤ በደረቅ ጊዜ ገለባ የመሰለው በውሃ ውስጥ ቡና ይመስላል። የፋብሪካው ባዘቶ ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ አንድ አሳሪ በሱፍ የተሠራን ዝንብ አብነት አድርጎ በናይሎን ሊሠራ ሲፈልግ ሁለቱን በውሃ ነክሮ ጎን ለጎን ሳያይ ቀለም አይምረጥ። በአገር ውስጥ ቀለም ለመንከር ለሚያስብ ደግሞ ይህ መታወቅ አለበት፤ ሱፍና ናይሎን ለሱፍ የተዘጋጀውን ቀለም በሆምጣጤና በሙቅ ውሃ ይቀበላሉ፤ ፖሊስተርና አክሪሊክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም ይሻሉ፤ ፖሊፕሮፒሊን ግን በፋብሪካው ገና ቀልጦ ሳለ ቀለሙ ካልገባበት በቀር በኋላ አይነከርም። ነጭ ፖሊፕሮፒሊን በርካሽ ገዝቶ በቤት አቀልማለሁ የሚል ነጭ ሆኖ ይቀርበታል።

ከክብደት ቀጥሎ የሚታየው ቅጥነቱ ነው። የፈትል ቅጥነት በዴኒየር ይለካል፤ ይኸውም 9000 ሜትር ርዝመት ያለው ፈትል ስንት ግራም እንደሚመዝን ማለት ነው። ከሐር ትል የሚወጣው አንዱ ዘር ወደ 1 ዴኒየር ነው። ይህን ያህል የቀጠነ ባዘቶ በክር ላይ ወዲያው ይይዛል፤ ለትንንሽ መንጠቆና ለጀማሪ እጅም የሚስማማ እርሱ ነው። ወፍራሙ፥ የባሕር ውሻን ጠጉር ሊተካ የተሠራው፥ ከጣት እያመለጠ ያስቸግራል፤ ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ጋር ተቀላቅሎ ሲታሽ ግን ይገራል፥ በውሃም ውስጥ ያበራል።

ስለ ማብራት ሲነገር አንድ የተለየ ናይሎን መነሣት አለበት። ለምንጣፍ ተብሎ የተሠራው አንትሮን የሚባለው የዱፖን ናይሎን ዘሩ ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ያለው ስለሆነ ብርሃንን ይመልሳል። አሜሪካዊው ጋሪ ላፎንቴን ወደ ወንዝ ጠልቆ ካዲስ የሚባሉትን ነፍሳት በመመልከት፥ ወደ ላይ ሊወጡ ሲሉ በገላቸው ዙሪያ የአየር አረፋ እንደሚያበራ አስተዋለ፤ ስለ ካዲስ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍም ይህን አረፋ በአንትሮን መምሰልን አስተማረ። ነገሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚያበራ ባዘቶ በሁሉ ዝንብ ላይ መግባቱ ከመጠን ያለፈ ነው። አረፋ የማይይዘውን ነፍሳት በሚያብረቀርቅ ልብስ ማልበስ፥ በተለይ ውሃው ጥርት ብሎ ሲታይ፥ ዓሣውን ያስደነግጠዋል እንጂ አይስበውም።

የባዘቶን ዓይነት ያለ መጽሐፍ ለማወቅ ሁለት ፈተናዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው የውሃ ፈተና ነው፤ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሳሙና ይጨመርና ባዘቶው ከውሃው በታች በጣት ተጨምቆ አየሩ ይወጣል። ሳሙናና መጭመቅ ያልገባበት ፈተና ሐሰተኛ ነው፥ አየር የያዘ ሱፍ እንኳ ይንሳፈፋልና። ተለቅቆ ወደ ላይ የሚመለሰው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ሁለተኛው የእሳት ፈተና ነው፤ ጥቂቱ በወረንጦ ተይዞ ወደ ነበልባል ይቀርባል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ሸትቶ አመዱ በጣት ይደቃል፤ ናይሎንና ፖሊስተር ቀልጠው እንደ ዶቃ ይደርቃሉ፥ ፖሊስተር ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ፖሊፕሮፒሊን እንደ ሻማ ይሸታል። የቀለጠው ጠብታ ሥጋን ስለሚልጥ ፈተናው በደጅ፥ በሸክላ ላይ ይደረግ።

ለአንድ ማኅበር ባዘቶ የሚገዛ ሹም በውሉ ላይ የፋብሪካውን ስም ብቻ እንዳይጽፍ ይጠንቀቅ። በእንግሊዝ አገር የአቮን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር አንድ የታወቀ የሚሰጥም ዝንቡን ቻድዊክ 477 በሚባል የካልሲ መጠገኛ ክር ያስር ነበር። የክሩ ሥራ በ1960ዎቹ ሲቋረጥ አጥማጆች የቀሩትን ካርዶች እንደ ቅርስ መፈለግ ጀመሩ፤ ሌላ ክር አይሆንም ብለው ነበርና። በውሉ የሚጻፈው የፈትሉ ዓይነት፥ ዴኒየሩ፥ ቀለሙ በደረቅና በእርጥብ፥ ርዝመቱም ይሁን፤ ናሙናም ታሽጎ በወረዳው ይቀመጥ። ለአንድ ጀማሪ አሳሪ ለመንሳፈፊያ ቀጭን ፖሊፕሮፒሊን በሦስት ቀለም፥ ለመስጠሚያ የአገር በግ ሱፍና የጥንቸል ጠጉር፥ ለሚያበራው ጥቂት ባለ ሦስት ማዕዘን ናይሎን ይበቃዋል። ሱፉ የቅባቱ ጥቂት እንዲቀርለት በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል፥ በእጅም ይባዘታል።

ፋብሪካው የሚሠራው ባዘቶ አይበሰብስም። በማሠሪያው ጠረጴዛ የሚረግፈው ቁርጥራጭ በነፋስ ወደ ጅረቱ እንዳይሄድ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በጣሳ ይከማች፤ ሥራው ቤትም ከወንዝ ዳር ራቅ ብሎ ይሰጥ። ትራውቱ ሰው ያመጣው እንግዳ ዓሣ ስለሆነም፥ ዝንብ ሻጩ ገበያው እንዲሰፋለት ዓሣውን ወደ ሌላ ጅረት ልውሰድ ቢል ሊፈቀድለት አይገባም።