በባቄላ ሥር ያለው ማዳበሪያ

ከንባቡ በፊት የምናውቃቸው ቃላት

ናይትሮጅን፦ በአየር ውስጥ በብዛት የሚገኝ፣ ተክልን የሚያለመልም ንጥረ ነገር።
ባክቴሪያ፦ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በዓይን የማይታይ፣ ነፍስ ያለው ደቂቅ ፍጥረት።
እባጭ፦ በጥራጥሬ ሥር ላይ የምትወጣ ትንሽ እብጠት።
ሕያው ማዳበሪያ፦ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበት፣ ከዘር ጋር የሚለወስ ዱቄት።

ንባብ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ክረምት ሲቃረብ የገበሬው ወሬ አንድ ነው። «ማዳበሪያ ገባ ወይ? ዘንድሮስ ስንት ሆነ?» ይባባላል። በቆሎው፣ ጤፉና በርበሬው ያለ ማዳበሪያ እንደ ልብ አይሰጡም። ማዳበሪያው ደግሞ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ፣ በጂቡቲ በኩል አልፎ ነው የሚመጣው። በዓለም ገበያ ዋጋው ሲንር ወይም መንገድ ላይ ሲዘገይ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በገበሬው ጎተራ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ማዳበሪያ በጊዜው ባለመድረሱ ብዙ ገበሬ ተቸግሮ አቤት ብሎ ነበር። የዘር ወቅት ግን ማንንም አይጠብቅም።

ታዲያ ከማዳበሪያው ጥቂቱን እንኳ ከገዛ ማሳችን ማግኘት አንችልም ወይ? እንችላለን። እንዴት እንደሆነ እንመልከት።

1. በአየር ውስጥ ያለው ሀብት

ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ዩሪያ የምንለውም ማዳበሪያ ዋና ጥቅሙ ናይትሮጅን መስጠቱ ነው፤ በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ፋብሪካው ናይትሮጅኑን የሚወስደው ከአየር ነው፤ ለዚህም ብዙ ጋዝና ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልገዋል። ጤፍና በቆሎ በአየር ተከበው ሳለ ከአየሩ ናይትሮጅን በቀጥታ መውሰድ አይችሉም። በወንዝ መካከል ቆሞ እንደ መጠማት ማለት ነው።

ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ጓያ፣ ግብጦና አኩሪ አተር ግን ረዳት አላቸው። ራይዞቢየም የሚባል የባክቴሪያ ወገን በሥራቸው ገብቶ እባጭ ይሠራል። ነገሩ እንደ እኩል እርሻ ነው። ተክሉ ከቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ለባክቴሪያው ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ አድርጎ ይመልሳል። ደህና የተስማማው ባቄላ በአንድ ሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ሊያገኝ ይችላል። ይህ ከሁለት ኩንታል ዩሪያ የሚበልጥ መሆኑ ነው።

ይህን ምሥጢር ሁለት ጀርመናውያን፣ ሔልሪግልና ቪልፋርት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 በጽሑፍ አስረዱ። በዚያው ዓመት ባይሪንክ የተባለ የሆላንድ ሰው ባክቴሪያውን ከእባጩ ለይቶ አወጣው። አባቶቻችን ስሙን አያውቁት እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር። «መሬቱ ደክሟል፣ ባቄላ ይዘራበት፤ ግብጦ ይጣልበት» ማለታቸው በከንቱ አልነበረም።

2. ለእያንዳንዱ የራሱ

ሁሉም ባክቴሪያ ከሁሉም ጥራጥሬ ጋር አይስማማም። የባቄላው ለአተርና ለምስር ይሆናል። ሽምብራ የራሱን ይፈልጋል፤ አኩሪ አተርም እንዲሁ። ባቄላ በደጋው አፈር ከጥንት ጀምሮ ስለኖረ ባክቴሪያውም አብሮት አለ፤ ሆኖም በአንዳንድ ማሳ ቁጥሩ ያንሳል፣ ወይም ሰነፍ ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ለአገራችን እንግዳ ተክል ነው። አዲስ በተዘራበት ማሳ ተስማሚ ባክቴሪያ ላያገኝ ይችላል።

ሕያው ማዳበሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ባለሙያዎች ብርቱውን ባክቴሪያ መርጠው፣ በቤተ ሙከራ አራብተው፣ ከዱቄት ጋር አዋሕደው ያሽጉታል። በአገራችን መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለ የግል ድርጅት ይህን አምርቶ ለገበሬው አቅርቧል። ኤን ቱ አፍሪካ የተባለው ፕሮጀክትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በአፍሪካ ተጀምሮ፣ በኋላ በኢትዮጵያም ገበሬው በማሳው እንዲሞክረው ረድቷል። ለአንድ ሄክታር የሚበቃው ዱቄት ግማሽ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። አህያ መጫን ሳያስፈልግ በኪስ ይያዛል።

3. አጠቃቀሙ

ዱቄቱ ነፍስ ያለው ነውና እንደ ዩሪያ ጥለነው አንሄድም።

ሀ) ስንገዛ ለየትኛው ጥራጥሬ እንደሆነና ጊዜው አለማለፉን በፓኬቱ ላይ እናንብብ። ማንበብ መማራችን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።
ለ) እስክንዘራ ድረስ ፀሐይና እሳት በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ እናስቀምጠው።
ሐ) ዘሩን ጥላ ሥር አድርገን በጥቂት የስኳር ውኃ እናርጥበው። ከዚያ ዱቄቱን ጨምረን፣ ዘሩ ሁሉ እስኪለብስ ቀስ አድርገን እናገላብጠው።
መ) የዘር መድኃኒትና ዩሪያ ከእሱ ጋር አንቀላቅል፤ ባክቴሪያውን ይገድሉታል።
ሠ) በዚያው ዕለት እርጥበት ባለው መሬት ዘርተን ቶሎ አፈር እናልብሰው።

4. የማይችለውንም እንወቅ

ሕያው ማዳበሪያ ጠንቋይ አይደለም። አንደኛ፣ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ፎስፎረስ የጎደለው መሬት ኤን ፒ ኤስን መፈለጉ አይቀርም። ሁለተኛ፣ አሲዳማ አፈርን አይችልም። ከአገራችን የሚታረስ መሬት ከመቶ 40 የሚበልጠው አሲድ ያጠቃዋል፤ የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈርም ከዚሁ ይመደባል። እንዲህ ባለ አፈር ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ሥሩም ይቀጭጫል። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምረን፣ በታዘዘው መጠን ኖራ ከዘር ጊዜ ቀደም ብለን እንበትን። ግብጦ ግን አሲዱን ከባቄላ ይልቅ ይቋቋማል።

ሦስተኛ፣ የጥራጥሬው ባክቴሪያ ለበቆሎና ለጤፍ እባጭ አይሠራም። በአሜሪካ ፒቮት ባዮ የተባለ ኩባንያ ለበቆሎ የሚሆን ናይትሮጅን ሰጪ ባክቴሪያ አዘጋጅቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 ወዲህ ለገበያ አውጥቷል። ለእኛ ቅርቡ መንገድ ግን ማፈራረቅ ነው፤ ዘንድሮ ጥራጥሬ፣ ለከርሞ በቆሎ ወይም ጤፍ። ከናይትሮጅኑ አብዛኛው በፍሬው ውስጥ ተጭኖ ወደ ቤት ይገባል፤ ለመሬቱ የሚቀረው በሥሩ፣ በአገዳውና በቅጠሉ ያለው ነው። ስለዚህ ባቄላውን ከሥሩ ከመንቀል በማጭድ ብናጭደው፣ ገለባውንም ከማቃጠል ለከብት ሰጥተን ፍጉን ወደ ማሳ ብንመልሰው ለመሬቱ ይተርፈዋል።

5. እንመርምር

ባክቴሪያው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ ባለሙያ አንጠብቅ። ባቄላው ማበብ ሲጀምር ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ ጥቂት ተክል በአካፋ ከነአፈሩ እናውጣ። አፈሩን በውኃ ቀስ ብለን እንጠብና እባጮቹን በጥፍር እንፈልጣቸው። ውስጣቸው ደም መስሎ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ጭራሹን እባጭ ከሌለ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። ያየነውን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው እንንገር፤ የጎረቤታችንንም ማሳ አብረን እንይ።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የባቄላው ሥር ላይ ያለችው እባጭ እንዲሁ ናት። ሙሉውን ማዳበሪያ አትተካም፤ ነገር ግን ማዳበሪያ በተወደደና በዘገየ ዓመት፣ የቤተሰቡ እንጀራ በመርከብ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ታደርጋለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባቄላ በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን የሚያገኘው እንዴት ነው?
2. ለባቄላ የተዘጋጀ ዱቄት ለአኩሪ አተር የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. በመንደራችን ጥራጥሬ ካረፈበት ዘመን የሚበልጠው ማሳ የትኛው ነው? ለምን ቀረ?
4. በመጪው የአበባ ወቅት በቡድን ሆነን ከአሥር ማሳ ሥር እናውጣ። ቀይ፣ ነጭና እባጭ የሌለው ስንት እንደሆነ በደብተራችን እንመዝግብ።