ሆድና ሳምባ ይዛመዳሉ



እሳት እፍ ስትሉ ዓይናችሁ ያለቅሳል፤ ጉሮሮአችሁ ይከረከራል፤ ትስላላችሁ። ሳሉ ከዓመት ወደ ዓመት ሲቆይ፥ ውሃ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሲያቅትና ትንፋሽ ሲያጥር፥ ብዙዎች «ብርድ ነው» ብለው ይተዉታል። ነገር ግን ይህ፥ ለብዙ ዘመን የተሳበ የኩበትና የእንጨት ጢስ የአየር መንገድን አቍስሎና አጥብቦ የሚያመጣው ሥር የሰደደ የሳምባ በሽታ ሊሆን ይችላል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ይህ በሽታ በመላው ዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ገድሏል። ሕክምና ትንፋሽን ያቀልላል እንጂ በሽታውን ፈጽሞ አይነቅለውም። ስለዚህ መጠንቀቁ አስቀድሞ ነው።

ታዲያ ሆድን ምን አገባው? ትሉ ይሆናል።

በአንጀታችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ተሐዋስያን ይኖራሉ። ሁሉም ክፉዎች አይደሉም። እርሾ በቡሀቃ ውስጥ ሊጡን እንደሚያቦካ፥ በጎዎቹ ተሐዋስያንም ሆዳችን የማይፈጨውን የእህልና የአትክልት ክፍል፥ ይኸውም አሰር የምንለውን፥ ያብላሉታል። ከዚህ የሚገኙት ጠቃሚ አሲዶች ከፊላቸው ወደ ደም ይገባሉ፤ የሰውነት መከላከያ ያለ ልክ እንዳይቈጣም ይረዳሉ። ሳምባን የሚያሳብጠው አንዱ ነገር ይኸው ቍጣ ነው።

ሊቃውንት የዚህ በሽታ ሕሙማን የአንጀት ተሐዋስያን ከጤነኞቹ የተለዩ ሆነው አግኝተዋቸዋል። በስዊድን አገር ከ35 ሺህ በላይ ሴቶችን ለብዙ ዓመት የተከታተለና በ2020 የታተመ ጥናትም፥ ብዙ አሰር ከሚመገቡት መካከል በበሽታው የተያዙት ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ምግብ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። ጢሱ ካልቀነሰ ሳምባ አያርፍም።

እንግዲህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ/ ጢስን አሳንሱ። ማድቤቱን ከመኝታው ለዩ፤ መስኮትና ጢስ መውጫ ይኑረው። የደረቀ እንጨት አንድዱ። በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከብ ማገዶና ጢስ ይቀንሳል። ሕፃን አዝላችሁ እሳት አታንዱ።

2ኛ/ በጎዎቹን ተሐዋስያን መግቡ። ምስር፥ ሽንብራ፥ ባቄላ፥ ሽሮ፥ ጎመን፥ ገብስና የጤፍ እንጀራ አሰር አላቸው። ባቄላ ሸጦ ብስኩት መግዛት ትርፍ አይደለም።

3ኛ/ ክፉዎቹን ከሆድ ከልክሉ። ከሽንት ቤት ስትወጡ፥ የሕፃን ዓይነ ምድር ከጠረጋችሁ በኋላ፥ ምግብ ከማዘጋጀታችሁና ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከታጣ ዐመድም ይሆናል።

4ኛ/ ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። ክፉውን ሲገድል በጎውንም ይገድላል፤ ጢስ ያመጣውን ሳልም አያድንም። ሐኪም ሲያዝላችሁ ግን በታዘዘው መሠረት ጨርሱት።

5ኛ/ ሳል 2 ሳምንት ከሞላው ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሳምባ ነቀርሳ እንዳይሆን አክታችሁ ይመረመራል።

አባቶችም ሥራ አላችሁ። መስኮቱን መክፈትና ጢስ መውጫውን ማበጀት የእናንተ ድርሻ ነው። ትምባሆ የሚያጨስም ቢኖር ይተው፤ የእርሱ ጢስ ከምድጃው ጢስ ጋር ሲደመር ጉዳቱ ይበዛል።

ለመከለስ፦ በአንጀት ውስጥ ያሉ በጎ ተሐዋስያን ምን ይመገባሉ? ሳል ስንት ጊዜ ሲሞላው ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል? ከቤታችሁ ጢሱ የሚወጣው በየት በኩል ነው? መልሱ «በበሩ ብቻ» ከሆነ፥ ሥራውን ዛሬ ጀምሩ።