ቻርተር ትምህርት ቤት በሚኒሶታ፦ ፈቃድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ማን ነው?

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት «ቻርተር ስኩል የግል ነው የመንግሥት?» እያሉ ነው። የመንግሥት ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ሃይማኖት አይሰብክም፣ መምህራኑም የማስተማር ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል። ልዩነቱ አስተዳደሩ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚወስነው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለሆነ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሚኒሶታን እንይ። የመጀመሪያውን የቻርተር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው እሷ ናት፤ በዓመቱም ሲቲ አካዳሚ የተባለ ቻርተር ትምህርት ቤት ሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ።

አከፋፈቱ

መምህራንና ወላጆች ስለተስማሙ ብቻ ትምህርት ቤት አይከፈትም። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያቋቁሙና ፈቃድ ሰጪ ይፈልጋሉ። ፈቃድ ሰጪው የትምህርት ወረዳ፣ ኮሌጅ ወይም በጎ አድራጎት ድርጅት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2009ኙ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ግን እሱም ራሱ በክፍለ ግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት መጽደቅ አለበት፤ ተቆጣጣሪውም ተቆጣጣሪ አለው ማለት ነው። ከዚያ ቢበዛ ለ5 ዓመት የሚጸና ውል ይፈራረማሉ።

ቦርዱ

ዝምድና የሌላቸው ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ። ከነዚህ ውስጥ እዚያው የሚያስተምር መምህር፣ የተማሪ ወላጅና ከትምህርት ቤቱ ጋር የሥራም የልጅም ትስስር የሌለው የሚኒሶታ ነዋሪ መኖር ግድ ነው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው።

ምዝገባና ሕንፃ

አመልካች ከቦታው ከበለጠ ዕጣ ይወጣል፤ እዚያ የሚማር ወንድም ወይም እህት ያለው ልጅ ቅድሚያ አለው። ርእሰ መምህሩን ማወቅ አይጠቅምም። ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ሕንፃ መግዛት ስለማይችል ይከራያል፤ ክፍለ ግዛቱ ከኪራዩ እስከ 90 በመቶ ይደጉማል፣ በተማሪ ልክ የተቀመጠ ጣሪያ ግን አለው።

ውሉ ሲቋረጥ

የሕጉ ጥርስ እዚህ ላይ ነው። የተማሪዎች ውጤት ከወደቀ፣ ሒሳቡ ከተበላሸ ወይም ሕግ ከተጣሰ ፈቃድ ሰጪው ውሉን ላያድስ፣ ጊዜው ሳይደርስም ሊያቋርጠው ይችላል። ይህን ግን በድንገት አያደርገውም፤ ቢያንስ ከ60 የሥራ ቀናት በፊት ምክንያቱን ዘርዝሮ ለቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቃል። ቦርዱ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ «ስሙኝ» ብሎ ካልጠየቀ ዕድሉ ያልፈዋል። ወላጅ የፈተና ውጤት ያያል፤ ሒሳቡን የሚያይ ግን ጥቂት ነው፣ እኔ ደግሞ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ቃለ ጉባኤውና የፈቃድ ሰጪው አድራሻ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለባቸው። ልጅዎን ከማስመዝገብዎ በፊት ያንብቧቸው፤ ውሉ መቼ እንደሚያልቅም ይጠይቁ።