«ዶክተር፣ ለስትሮክ የትኛው ሆስፒታል ይሻላል?»



ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ተወልጄ ባደግኩባት ጉለሌ ብቻ እንኳ ጳውሎስ አለ፣ ጴጥሮስ አለ፤ ወደ መሀል ከተማ ወረድ ካላችሁ ጥቁር አንበሳ አለ፤ የግሎቹን ሳንቆጥር። እኔ ግን «እገሌ ይሻላል» ብዬ ስም አልጠራም። በግምት ስም ከመጥራት፣ አንድ ሆስፒታል ስትሮክን በደንብ ያክማል የሚባለው በምን ተለክቶ እንደሆነ ባስረዳችሁ ይጠቅማችኋል።

በአንድ ገጠመኝ ልጀምር (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ትንሽ ቀይሬዋለሁ)። አንድ እናት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቡና ሊቀዱ ሲሉ ጀበናው ከእጃቸው ወደቀ። አፋቸው ተጣመመ፣ ንግግራቸው ተኮላተፈ። ቤተሰቡ «ደክሟት ነው፣ ትንሽ ትተኛ» አለ። ተረኛ ወደነበርኩበት ሆስፒታል ያመጧቸው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ካርድ፣ ወረፋ፣ ክፍያ... ሲቲ ስካን እስኪነሱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አለፈ። ልጃቸው ኮሪደር ላይ ይዞኝ «ዶክተር፣ ሌላ ሆስፒታል ብወስዳት ትድን ነበር?» አለኝ። መልሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የሞት ቁጥር ብቻውን ያታልላል

ብዙ ሰው «ብዙ ሰው የማይሞትበት ይሻላል» ይላል። እስቲ ለምሳሌ ያህል ብቻ እንቁጠር። ሆስፒታል ሀ እና ሆስፒታል ለ እያንዳንዳቸው 100 የስትሮክ ታካሚ ተቀበሉ እንበል።

ሀ፦ 80 በጣም የከፋባቸው፣ 20 ቀለል ያለባቸው። ከከፋባቸው 20፣ ከቀለለባቸው 1 ሞተ። ድምር 21።
ለ፦ 20 በጣም የከፋባቸው፣ 80 ቀለል ያለባቸው። ከከፋባቸው 8፣ ከቀለለባቸው 8 ሞቱ። ድምር 16።

ድምሩን ብቻ ያየ «ለ ይሻላል» ይላል። ለያይታችሁ እዩት፦ ከከፋባቸው ውስጥ ሀ ላይ የሞተው ከ4 አንድ ነው፣ ለ ላይ ከ5 ሁለት። ከቀለለባቸውም ሀ ላይ ከ20 አንድ፣ ለ ላይ ከ10 አንድ። የሚሻለው ሀ ነው! ድምሩ የከፋበት ከየአቅጣጫው ሪፈር የሚላክበትን ታካሚ ስለሚቀበል ነው። ስለዚህ ውድድሩ ፍትሐዊ እንዲሆን ታካሚው ሲገባ ሕመሙ ምን ያህል እንደከፋ በነጥብ ተለክቶ መመዝገብ አለበት።

ሌላም አለ። እኛ አገር ተስፋ ሲቆረጥ «እቤቷ ትረፍ» ብሎ ታካሚን ይዞ መውጣት የተለመደ ነው። ያ ሰው በሳምንቱ ቢሞት የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ «በሕይወት ወጣ» ነው የሚለው። ለዚህ ነው ከ90 ቀን በኋላ ስልክ ደውሎ «ይራመዳሉ? ራሳቸው ይበላሉ?» ብሎ መጠየቅ የሚመከረው።

ታዲያ ምን ይለካ?

1. ከበር እስከ ሲቲ ስካን። የአሜሪካ መመሪያ ግብ 20 ደቂቃ ነው። ስትሮኩ ደም ስር ተዘግቶ ነው ወይስ ደም ፈሶ? ይህ ሳይለይ ሕክምናው አይጀመርም።

2. የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት። ለሚገባው ታካሚ ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ ከበር ከገባ ደግሞ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። እኛ ጋ መድኃኒቱ ሁሉም ቦታ ስለማይገኝ «አለ ወይ?» የሚለውም ራሱ መለኪያ ነው።

3. የመዋጥ ምርመራ። በአፍ ምንም ከመሰጠቱ በፊት ይደረጋል። ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ የሰለጠነች ነርስ ትበቃለች። ሲዘለል ግን ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል።

4. የስትሮክ ታካሚዎች ለብቻቸው የሚታከሙበት ክፍልና ቡድን፤ ቶሎ የሚጀመር ፊዚዮቴራፒ።

5. ሲወጣ የደም ግፊት መድኃኒትና የቀጠሮ ቀን መያዙ።

እነዚህን መለካት ለውጥ ያመጣል? ያመጣል። እንግሊዝ ውስጥ የየሆስፒታሉ የስትሮክ ውጤት በፊደል ደረጃ ተሰጥቶት ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። ለንደን በ2010 (እ.ኤ.አ.) አጣዳፊውን የስትሮክ ሕክምና በ8 ማዕከላት ሰበሰበች፤ አምቡላንስ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል አልፎ ወደ ማዕከሉ ይወስዳል። ሞትም ቀነሰ። ለእኛም ሆስፒታሎችን ማወዳደር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥምረት ለጥራት የሚባል መድረክ አለን። የስትሮክ ደቂቃዎችም እንዲህ ተቆጥረው ለሕዝብ ቢወጡ ምኞቴ ነው።

እናንተስ?

ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፦
• ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየበትን ሰዓት ጻፉ።
• ውሃ፣ ምግብ፣ አስፕሪን፣ የግፊት ክኒን በአፍ አትስጡ።
• ወዲያው 907 ወይም 939 ደውሉ። ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱ።
• በር ላይ «ስትሮክ ይመስለናል፣ በዚህ ሰዓት ነው የጀመረው» በሉ። «ሲቲው አሁን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልሠራ ሪፈሩን ቶሎ አስጽፉ።

ወደ ልጁ ልመለስ። «አላውቅም» ነው ያልኩት፣ እውነቱም እሱ ነው። ቤት 5 ሰዓት ተኩል ጠፍቷል፤ መርፌው የሚሰጥበት ጊዜ እኛ ጋ ሳይደርሱ አልፏል። ከዚያ ላይ የእኛ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አለ፤ እሱን በቤተሰብ ማሳበብ አልችልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ የስትሮክ ታካሚ ካርድ ላይ ሦስት ሰዓት እጽፋለሁ፦ ደህና የታዩበት፣ በር የገቡበት፣ ሲቲ የተነሱበት። የመጀመሪያውን የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ።

ለቤተሰብ ግሩፕ ሼር አድርጉት፤ በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ።